አንድ ቀሚስ፣ ሁለት እትም

አንድ ረጅም ጥቁር ቀሚስ በመጽሔት ጥንድ ገጽ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሲዘረጋ 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያገኛል። ያው ጥንድ ገጽ በቁመት በተያዘ ስልክ ሲከፈት 7 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይጨመቃል። የጨርቁ ድርና ማግ፣ የስፌቱ መስመር፣ የእጥፋቱ ጥላ ሁሉም ፋይሉ ውስጥ አሉ፤ ዓይን ግን አያገኛቸውም።

ብዙ የዝግጅት ክፍሎች የኅትመቱን እትም ጨርሰው፣ ለማተሚያ ቤት የላኩትን ፒዲኤፍ አቅልለው «ዲጂታል እትም» ብለው ያወጡታል። ይህ አሠራር ሁለቱንም እትሞች ይጎዳል ብዬ አምናለሁ። እትሞቹ መለያየት ያለባቸው በመዝጊያው ቀን ሳይሆን ፎቶው በሚነሳበት ቀን ነው። የዜና ፎቶ ቀለሙ ትንሽ ቢያጋድል አንባቢው ነገሩን ይረዳዋል። የካፖርት ቀለም ካጋደለ ግን ገጹ ስለ ካፖርቱ የተናገረው ሐሰት ሆኗል።

«ዲጂታል እትም» በሚለው ስም ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይሸጣሉ። አንዱ የታተመው ገጽ እንዳለ በፒዲኤፍ ወይም በምስል የሚቀርብበት ግልባጭ ነው። ሌላው ያው ጽሑፍና ፎቶ ለስክሪን እንደገና የተደረደረበት፣ ፊደሉ እንደ ስክሪኑ ስፋት የሚፈስበት እትም ነው። የቀረው ከእትም ቁጥር ጋር ያልታሰረ፣ በየቀኑ የሚታደስ ድረ ገጽ ነው። ደንበኛ ከመሆናችሁ በፊት የትኛውን እንደምትገዙ ለማወቅ ናሙና ገጽ ከፍታችሁ ፊደሉን ለማሳደግ ሞክሩ። ፎቶውም ጽሑፉም አብሮ አድጎ መስመሩ ከስክሪኑ ከወጣ የያዛችሁት ግልባጭ ነው።

ግልባጭ ለማንበብ የማይመች ሆኖ ሳለ እስካሁን የዘለቀው በሁለት ምክንያት ነው። ማስታወቂያ የሚሸጠው በተረጋገጠ የስርጭት ቁጥር ስለሆነ፣ ስርጭት የሚመረምሩ ድርጅቶች የታተመውን ይዘት ይዞ የሚወጣ ዲጂታል ቅጂ ከስርጭቱ ጋር እንዲቆጠር ይፈቅዳሉ። ሌላው ምክንያት የቅጂ መብት ነው። በ2001 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ታሲኒ» በሚባለው ጉዳይ፣ ተቀጣሪ ያልሆኑ ጸሐፊዎች ሥራ ከገጹ ተነጥሎ ወደ መረጃ ቋት ሲገባ የጸሐፊዎቹ ፈቃድ ያስፈልጋል ብሎ ወሰነ። ናሽናል ጂኦግራፊክ የቀድሞ እትሞቹን ገጽ በገጽ፣ ከነማስታወቂያቸው በሲዲ ባወጣ ጊዜ ደግሞ ሁለት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች በ2005 እና በ2008 ለአሳታሚው ፈረዱ፤ ምክንያታቸው ገጹ በነበረበት ቅርጽ መቅረቱ ነበር። ስለዚህ ግልባጭ ለሕግ ባለሙያው የሚያስተማምን ቅርጽ ሆነ። ፎቶውን ነጥሎ ለስክሪን ማስተካከል ግን የተለየ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ከፎቶ አንሺ ጋር ውል ስትጽፉ «ለመጽሔቱ» የሚል ጥቅል ቃል አትተዉ። ለኅትመት፣ ለግልባጭ፣ ለስክሪን እንደገና ለተደረደረ እትም፣ ለማኅበራዊ ሚዲያና ለቤተ መዛግብት እያሉ በየራሳቸው መስመር፣ እያንዳንዱን ከዓመት ገደብ ጋር ጻፉ። የሞዴሏም ፈቃድ እንዲሁ ነው። ይህ ሳይደረግ ሲቀር በዲጂታል ክምችት ውስጥ ፎቶው ያለበት ቦታ ባዶ ግራጫ ሣጥን ይሆናል።

የፊደል ስሌት

የተለመደ የፋሽን መጽሔት ገጽ 213 ሚሊ ሜትር ስፋትና 276 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው። የጽሑፉ አካል 9 ፖይንት (የፊደል መጠን መለኪያ) ነው እንበል። ገጹ 70 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ስልክ ላይ ሙሉ ሲታይ ወደ አንድ ሦስተኛ ስለሚወርድ ፊደሉ 3 ፖይንት ይሆናል። ጥንድ ገጽ ከሆነ 1.5 ፖይንት ነው። የአልባሳቱን ስምና ዋጋ የያዘው 6.5 ፖይንት መግለጫ ደግሞ በነጠላ ገጽ እንኳ ከ2 ፖይንት ትንሽ ይበልጣል። 9.7 ኢንች ታብሌት በቁመት ሲያዝ ስፋቱ 148 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 9 ፖይንቱ 6 ፖይንት አካባቢ ይወርዳል፤ ይነበባል፣ ግን ያደክማል። ስልክ ላይ ግልባጭ የሚያነብ ሰው በየአንቀጹ ሁለት ጣቱን እየዘረጋ ገጹን ወደ ጎን የሚጎትተው ለዚህ ነው።

መፍትሔው የኅትመቱን ፊደል ማተለቅ አይደለም። 12 ፖይንት የፋሽን ገጽ የልጆች መጽሐፍ ይመስላል። ጽሑፉ ከገጹ ተለይቶ ለብቻው መኖር አለበት፤ ስልክ ላይ በ17 ወይም 18 ፒክስል፣ የመስመር ከፍታው የፊደሉ 1.5 እጥፍ ያህል ሆኖ። ግልባጭ ብቻ ለማውጣት የተገደደ አሳታሚ ቢያንስ አንባቢው ጽሑፉን ሲነካ ተነጥሎ የሚከፈት የንባብ መስኮት ይጨምርበት።

የፋሽን መጽሔቶች የሚወዱት የፊደል ቤተሰብ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። ዲዶና ቦዶኒ ወፍራም ቋሚና ፀጉር የሚያህል ቀጭን አግዳሚ አላቸው። በርዕስ መጠን ያምራሉ፤ ሲያንሱ ፀጉሩ ይጠፋል። የፊደል ቀራጩ ጆናታን ሆፍለር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለሃርፐርስ ባዛር ዲዶን ሲያዘጋጅ በሰባት መጠን የሣለው ይህን አውቆ ነው፦ 6፣ 11፣ 16፣ 24፣ 42፣ 64 እና 96። እያንዳንዱ ሥዕል ቀጭኑ መስመር በዚያ መጠን ሲታተም ፀጉር ሆኖ እንዲቀር ተደርጎ ተመዝኗል። የ96ቱን ሥዕል በ12 መጠቀም አግዳሚውን ማጥፋት ነው፤ የ11ዱን በ96 መጠቀምም ርዕሱን ያወፍራል። ግልባጩ ሲቀነስ ግን የ96ቱ ሥዕል ከገጹ ጋር ወደ 32 ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ማንም የመጠን ለውጥ አይሠራለትም። ለስክሪን እንደገና ስትደረድሩ ለርዕሱ ከታተመው አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለውን ሥዕል ምረጡ።

ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ ስታትሙ ጥንቃቄው ሌላ ነው። ጥቁሩ ከአራት ቀለም የተሠራ ከሆነና አንዱ ቀለም 0.1 ሚሊ ሜትር ቢንሸራተት ቀጭኑ ነጭ መስመር በሰማያዊ ወይም በሮዝ ይሞላል። ከ8 ፖይንት አትውረዱ፣ ቀጭን እግር ያላቸውን ፊደላት ተዉ። በነጭ ወረቀት ላይ ያለ ጥቁር ጽሑፍ ደግሞ ሁልጊዜ በጥቁር ቀለም ብቻ፣ በ100 በመቶ ይታተም።

መሃሉን የሚበላው ጠረዝ

በሙጫ የተጠረዘ መጽሔት ጠፍጣፋ ሆኖ አይከፈትም። ከእያንዳንዱ ገጽ የውስጥ ጠርዝ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር በጠረዙ ውስጥ ይሰወራል። በጥንድ ገጽ ላይ የቆመች ሞዴል አፍንጫዋ መሃል ላይ ካረፈ ፊቷ ጠበበ ማለት ነው። ስለዚህ ፊት፣ እጅ፣ ዘለበት፣ የአንገት ጌጥ ከመጋጠሚያው ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ይራቅ። መሃሉን ለቀሚሱ ሰፊ ክፍል ወይም ለባዶ ዳራ ስጡት። ምስሉ የግድ መሃሉን የሚያቋርጥ ከሆነ የግራውን ግማሽ ወደ ግራ፣ የቀኙን ወደ ቀኝ በ3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር አስፍቶ፣ የተሰወረውን ክፍል በሁለቱም በኩል መድገም ይቻላል። በሽቦ የተሰፋ ቀጭን መጽሔት ግን ጠፍጥፎ ስለሚከፈት ይህን አታድርጉበት፤ ድግግሞሹ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከዚህ የከፋው ሰያፍ መስመር ነው። ግራና ቀኝ ገጾች ብዙ ጊዜ በተለያየ ትልቅ ወረቀት ላይ ስለሚታተሙና በአጠፋ ጊዜ ስለሚንቀሳቀሱ የ1 ሚሊ ሜትር መሳሳት የተለመደ ነው። አግድም የተኛ ወፍራም ነገር ይህን ይችላል። ቀጭን የቦርሳ ማንገቻ፣ ሰያፍ ቀበቶ ወይም ባለ መስመር ጨርቅ ግን መሃል ላይ ተሰብሮ ይታያል። የቅርጽ አዘጋጁ ይህን በስክሪን ላይ ሊያየው አይችልም፤ እዚያ ሁለቱ ገጾች ያለ ክፍተት ይገጥማሉና። ሽፋኑን ከመጀመሪያው ገጽ ጋር የሚያያይዘው የጎን ሙጫም 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይወስዳል። የሽፋኑን ውስጥና 1ኛውን ገጽ የሚያዋስን ማስታወቂያ ሲሠራ ይህ ካልታሰበ ከጽሑፉ አንድ ፊደል ይጎድላል።

ስልክ ላይ ያው ጥንድ ገጽ በነጠላ ገጽ አሠራር ሲከፈት ለሁለት ይቆረጣል፤ በመጀመሪያው ማንሸራተት ግማሽ ቀሚስ፣ በሁለተኛው የቀረው ግማሽ። ለዚህ ነው ውሳኔው በፎቶው ቀን ይሁን የምለው። ለጥንድ ገጽ አግድም ፎቶ ሲነሳ ለዚያው ልብስ፣ በዚያው ብርሃን፣ በቁመት የተነሳ ሁለተኛ ፎቶ አብሮ ይያዝ። ጊዜ ከሌለ ሞዴሏ በአግድሙ ፎቶ ውስጥ ሙሉ ቁመቷ በአንድ በኩል እንዲያርፍ አድርጉ። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ 6000 በ4000 ፒክስል ይሰጣል። 432 በ282 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ጥንድ ገጽ፣ የ3 ሚሊ ሜትር የመቁረጫ ትርፉን ጨምሮ፣ በ300 ፒክስል በኢንች 5102 በ3331 ፒክስል ይፈልጋል። ከዚያው ፋይል ለስልክ በ9 ለ16 ሲቆረጥ 2250 በ4000 ይገኛል፤ ይህ ለማንኛውም ስልክ ይተርፋል። እንዲህ ከታሰበበት አንድ ፎቶ ለሁለቱም ይበቃል።

ቀለም

የኅትመት ቀለም አራት ነው፦ ሳያን (ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ)፣ ቢጫና ጥቁር። የስክሪን ቀለም ሦስት ብርሃን ነው። ስክሪን የሚያበራቸው አንዳንድ ቀለሞች በአራቱ ቀለም አይገኙም። ኤሌክትሪክ ሰማያዊ፣ የሚያንጸባርቅ አረንጓዴ፣ ኒዮን ሮዝና ደማቅ ብርቱካናማ የሚታወቁት ተጠቂዎች ናቸው።

ሰማያዊው ሲወድቅ ወደ ሐምራዊ ነው የሚወድቀው። ንጹሕ የስክሪን ሰማያዊ ሲቀየር ሳያንና ማጀንታ ሁለቱም ወደ ከፍተኛው ስለሚጠጉ ወረቀቱ ላይ ወይን ጠጅ ይመጣል። ማጀንታው ከሳያኑ ቢያንስ በ30 ነጥብ እንዲያንስ አድርጉት፤ ሳያን 100 ከሆነ ማጀንታ 70 ወይም ከዚያ በታች። ድምቀቱ አይመለስም፤ ልብሱ ሰማያዊ መሆኑ ግን ይቀራል። ቀለሙ የገጹ ዋና ጉዳይ ከሆነ ደግሞ አምስተኛ፣ ለብቻው የተበጠበጠ ቀለም ማስገባት ነው። ወጪ ይጨምራል፤ ለኒዮን ግን ሌላ መንገድ የለም።

ቀይ ልብስ ሌላ ችግር አለበት፤ እጥፋቱ ይሞታል። በካሜራው ፋይል ውስጥ ቀዩ ቻናል (የቀይ ብርሃኑ መጠን የሚመዘገብበት ክፍል) ከፍተኛው ቁጥር 255 ላይ ከደረሰ በኋላ ያለው ልዩነት ሁሉ ጠፍቷል። አጠቃላዩን ሂስቶግራም (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) ብቻ ያየ ሰው ምንም አይታየውም፤ ቻናሎቹን ለየብቻ መመልከት ያስፈልጋል። በኅትመት ላይ ደግሞ ማጀንታና ቢጫ 100 ሲሞሉ የእጥፋቱን ጥላ የሚሸከመው ሳያን ነው። በእጥፋቱ ጥልቅ ቦታ ከ15 እስከ 30 በመቶ ሳያን ከሌለ ቀሚሱ ጠፍጣፋ ካርቶን ይመስላል። በዝቶ ከገባ ግን ወደ ቡናማ ይሄዳል።

ጥቁር ልብስ ከሁሉም የሚከብድ ነው። አራቱም ቀለም 100 ቢሞላ ድምሩ 400 በመቶ ይሆናል፤ ወረቀት ይህን አይሸከምም። ለጥሩ አርት ፔፐር (ልባስ ለተቀባ ወረቀት) ከ300 እስከ 330፣ ለቀጭኑ የመጽሔት ወረቀት 300 ወይም ከዚያ በታች ወሰን ነው። ሲታለፍ ቀለሙ በጊዜ አይደርቅም፣ ወደ ፊት ለፊቱ ገጽ ይታተማል፣ ወረቀቶቹም ይጣበቃሉ። በተጨማሪም እያንዳንዱ ነጥብ ወረቀቱ ላይ ይሰፋል፤ ፋይሉ ውስጥ 50 በመቶ የነበረው ወደ 65 አካባቢ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ 92 እና 97 ሆነው የተለያዩ ሁለት ጥላዎች ወረቀት ላይ አንድ ጥቁር ይሆናሉ። ለኅትመቱ የልብሱን ጥቁር ከፍ አድርጋችሁ፣ ዝርዝር የሚታይበትን ክፍል በ70 እና በ90 መካከል አኑሩት። ያው የተነሳ ጥቁር ስክሪን ላይ ግራጫና የደበዘዘ ይመስላል። አንድ ፋይል ለሁለቱም እንደማይበቃ በግልጽ የሚታየው እዚህ ነው።

ነጭ ልብስ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ከ3 በመቶ ያነሰ ነጥብ ማተሚያው ላይ ላይያዝ ይችላል። ነጭ ሸሚዝ በነጭ ዳራ ላይ ሲታተም ትከሻው ከወረቀቱ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ጨርቁ ባለበት ቦታ ሁሉ 4 ወይም 5 በመቶ ይኑር፤ ባዶ ወረቀት ለብልጭታ ብቻ ይተው። ግራጫ ካፖርት ደግሞ በሦስቱ ቀለሞች ሚዛን ይቆማል፤ ሳያን 50፣ ማጀንታ 40፣ ቢጫ 40 ገለልተኛ ግራጫ ይሰጣሉ። ሳያኑ ብልጫ የያዘው ቀለሙ ራሱ ንጹሕ ስላልሆነ ነው። አንዱ ቀለም ማሽኑ ላይ በትንሹ ቢጨምር ካፖርቱ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ይነካዋል። ይህን ለመቀነስ ግራጫው አብዛኛውን በጥቁር ቀለም እንዲሸከም ቅየራውን ማስተካከል ነው፤ ጥቁር ቀለም ቢጨምርም ይጨልማል እንጂ አያጋድልም።

ቀለም የሚፈተሸው በስልክ ፎቶ አይደለም። ፕሩፉ (ከኅትመት በፊት የሚወጣው የሙከራ ገጽ) 5000 ኬልቪን በሆነ መብራት፣ ጨርቁ ራሱ ጎኑ ተቀምጦ ይታይ። አንዳንድ ማቅለሚያዎች በአንድ መብራት ሲገጥሙ በሌላው ይለያያሉና ስቱዲዮ ውስጥ የገጠመ ቀለም ቢሮ ውስጥ ላይገጥም ይችላል። ለስክሪኑ እትም ደግሞ ፋይሉን በኤስአርጂቢ፣ በተለመደው የስክሪን ቀለም ሥርዓት፣ አውጥታችሁ የቀለም ፕሮፋይሉን (ቀለሞቹ እንዴት እንደሚነበቡ የሚናገረውን መረጃ) አስገቡ። ሰፊ ፕሮፋይል ያለው ፋይል ፕሮፋይሉ ተገፍፎ ሲወጣ የሰው ቆዳ ይገረጣል፣ ቀዩም ይሞታል። አንባቢው ስልኩን በማታ ብርሃን አሠራር ላይ አድርጎ ቢያነብ ሁሉም ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ይህን አሳታሚው ሊከለክል አይችልም። የቀለሙን ስም በጽሑፍ መግለጫው ላይ መጻፍ ለዚህ ይጠቅማል፤ «ሰማያዊ» ከማለት «የጥልቅ ባሕር ሰማያዊ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያዘነብል» ማለት ስክሪኑ የሚያጠፋውን ይመልሳል።

ጥለቱ ሲንቀጠቀጥ

ጥቃቅን አራት ማዕዘን፣ ቀጭን መስመር ወይም ጎላ ያለ ሽመና ያለው ጨርቅ ላይ በጨርቁ ራሱ የሌለ ሞገድ ሲታይ ሞሬ ይባላል። በሦስት ቦታ ይወለዳል። በካሜራው ውስጥ የጨርቁ ጥለት ከዳሳሹ ነጥቦች ጋር ሲጋጭ ይፈጠራል፤ ያን ጊዜ አንድ እርምጃ መቅረብ ወይም መራቅ፣ አለዚያም ካሜራውን ጥቂት ማዘንበል ይፈታዋል። ፋይሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ማውጣት ብዙ ሰዓት ይፈጃል።

በማተሚያው ላይ ደግሞ የጨርቁ ጥለት ከማተሚያ ነጥቦቹ ጋር ይጋጫል። አራቱ ቀለሞች በተለያየ ማዕዘን ይሰለፋሉ፤ ሳያን በ15 ዲግሪ፣ ጥቁር በ45፣ ማጀንታ በ75፣ ቢጫ በ0። ማዕዘኖቹ እርስ በርሳቸው እንዳይጋጩ የተመረጡ ናቸው፤ የጨርቁ መስመር ግን ከእነሱ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ወሳኝ ገጽ ከሆነ ማተሚያ ቤቱ ነጥቦቹን ያለ መደበኛ ረድፍ የሚበትን ስልት ካለው ጠይቁ። ረድፍ ስለሌለው የሚጋጭ ነገር የለም።

ሦስተኛው ስክሪን ነው። 2500 ፒክስል የሆነ ምስል ስልኩ ራሱ ወደ 1080 ሲያሳንሰው ጥለቱ ይንቀጠቀጣል፤ አንባቢው ጣቱን ሲዘረጋ ሞገዱም አብሮ ይቀያየራል። ምስሉን አስቀድማችሁ በ750፣ በ1080 እና በ1600 ስፋት አዘጋጁ፤ ከማሳነሳችሁ በፊት ጥቂት አለስልሱ፣ ካሳነሳችሁ በኋላ ብቻ አሹሉ (ጠርዞቹን አጉሉ)። የጨርቁን ሽመና ለማሳየት የምትፈልጉ ከሆነ ሙሉውን ልብስ ከማሳነስ ይልቅ የእጅጌውን ቅርብ ፎቶ ለብቻው ጨምሩ።

ፋይሉን የመክፈል ቅደም ተከተል

የተስተካከለው ዋና ፎቶ በአርጂቢ (በሦስቱ የስክሪን ብርሃን)፣ በ16 ቢት፣ ሳይሹልና ሳይሳነስ ይቀመጥ። ከእሱ ሁለት ቅርንጫፍ ይውጣ። የኅትመቱ ቅርንጫፍ በገጹ ላይ በሚያርፍበት መጠን በ300 ፒክስል በኢንች ይዘጋጃል፣ ማተሚያ ቤቱ በሰጠው ፕሮፋይል ወደ አራት ቀለም ይቀየራል፣ ለወረቀት ጠንከር ተደርጎ ይሾላል። የስክሪኑ ቅርንጫፍ ወደ ኤስአርጂቢ ይቀየራል፣ ይሳነሳል፣ ቀለል ተደርጎ ይሾላል። ለወረቀት የሾለ ፋይል ስክሪን ላይ በእያንዳንዱ የፀጉር ዘለላ ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ያሳያል።

ከአራት ቀለም ወደ አርጂቢ መመለስ አይገባም። ወደ አራት ቀለም ሲቀየር የተቆረጠው ድምቀት ተቆርጧል፤ ወደ ኋላ ሲመለስ የደበዘዘው ብቻ ነው የሚመጣው። ብዙ ግልባጮች ከወረቀቱም ይልቅ የደበዘዙ የሚሆኑት ከማተሚያው ፒዲኤፍ ስለሚወጡ ነው። ለማተሚያው ፒዲኤፍ ኤክስ-4 (ለኅትመት የተበጀውን የፒዲኤፍ ዓይነት) ላኩ፤ ለስክሪኑ ከዲዛይን ፋይሉ በአዲስ አውጡ፣ የመቁረጫ ትርፉንና ምልክቶቹን አስቀሩ።

ክብደቱንም አስቡ። አይፓድ በ2010 ሲወጣ ከተዘጋጁት የመጀመሪያ የመጽሔት እትሞች አንዱ፣ የዋየርድ፣ 500 ሜጋ ባይት ገደማ ነበር፤ እያንዳንዱ ገጽ ለአግድምና ለቁመት ሁለት ጊዜ እንደ ምስል ስለተቀመጠ። ባለ 200 ገጽ ግልባጭ በገጽ 500 ኪሎ ባይት ቢታሰብ 100 ሜጋ ባይት ይሆናል። ጽሑፉን እንደ ፊደል፣ ፎቶውን ብቻ እንደ ምስል ማስቀመጥ ክብደቱን ይቀንሳል፤ ጽሑፉም ሊፈለግና ሊነበብ ይችላል።

ዲጂታሉ ከወረቀቱ በግልጽ የሚበልጥበት አንድ ነገር እንቅስቃሴ ነው። ከ6 እስከ 10 ሰከንድ፣ ያለ ድምፅ፣ ሞዴሏ ሦስት እርምጃ ተራምዳ ስትዞር የሚያሳይ ቪዲዮ ጨርቁ እንዴት እንደሚወድቅ ከአሥር ፎቶ ይበልጥ ይናገራል። ቀሚሱ ከባድ ይሁን ቀላል፣ ይንሳፈፍ ወይም ይጣበቅ፣ የሚታወቀው ሲንቀሳቀስ ነው።

ወረቀቱ

ከወረቀቱ እትም አንባቢው የሚያገኘው መጠንና ክብደት ነው። የአሜሪካው ቮግ የመስከረም 2007 እትም 840 ገጽ ነበር፣ የመስከረም 2012ቱ 916 ገጽ። ያን ያህል ገጽ በቀጭን ወረቀት ካልታተመ ሊያዝ አይችልም፤ ቀጭን ወረቀት ደግሞ የጀርባውን ፎቶ ያሳልፋል። ቀለል ያለ ነጭ ገጽ ከጥቁር ሙሉ ገጽ ጋር ጀርባ ለጀርባ እንዳይውል አደራደሩን ፈትሹ። ዛሬ በዓመት ሁለትና አራት ጊዜ የሚወጡት መጽሔቶች ወደ 100 እና 130 ግራም ወረቀት የሄዱት ገጻቸው ስላነሰ ይህን ስለሚችሉ ነው።

አርት ፔፐርን የሚይዘው ሙጫ ጉዳይ ነው። ተራው በሙቀት የሚቀልጥ ሙጫ በተቀባ ወረቀት ላይ በደንብ አይይዝም፤ ሲቀዘቅዝም ይሰነጠቃል፤ በኃይል ሲከፈት ገጽ ይለቃል። ፒዩአር የሚባለው ሙጫ ቀጭን ሆኖ ይቀባል፣ የተሻለ ይይዛል፣ መጽሔቱም የበለጠ ይከፈታል፤ ግን ሙሉ በሙሉ ለመጠንከር አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። በጥድፊያ የተሠራ ጥራዝ በጉዞ ላይ ይፈታል። የወረቀቱ የቃጫ አቅጣጫ ከጠረዙ ጋር ትይዩ ካልሆነም ገጾቹ ይሞገዳሉ፣ መጽሔቱም ራሱን ይዘጋል። ይህን ለማወቅ አንድ ወረቀት በሁለቱም አቅጣጫ አጥፉ፤ ለስለስ ብሎ የታጠፈበት የቃጫው አቅጣጫ ነው።

ዋጋና ምንጭ

የታተመ ገጽ አይታረምም። ወርሃዊ መጽሔት ከመውጣቱ ሁለትና ሦስት ወር ቀደም ብሎ ስለሚዘጋ በመግለጫው ላይ ያለው ዋጋ የቆየ ዋጋ ነው። የዲጂታሉ ድክመት ደግሞ ሌላ ነው፤ ሻጩ ዕቃው ሲያልቅ ገጹን ያነሳዋል፤ አገናኙም ወደ ባዶ ገጽ ይወስዳል። ስለዚህ በአገናኙ ላይ ብቻ አትደገፉ፤ የሠሪውን ስም፣ የልብሱን ዓይነት፣ ጨርቁንና ወቅቱን በጽሑፍ አስቀምጡ። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚፈልግ ተመራማሪ የሚያገኘው ያንን ነው።

ለማቆየት

ግላመር በአሜሪካ መደበኛ ኅትመቱን በጥር 2019 እትም አበቃ፤ ኢንስታይልም በ2022 ወረቀቱን ተወ። ወረቀት ሲቆም ቀድሞ የታተመው ግን በመደርደሪያ ላይ ይቀራል። ዲጂታል መድረክ ሲዘጋ አብሮ የሚሄድ አለ። አፕል የመጽሔት መደርደሪያውን በ2011 ከፍቶ በ2015 ተወው። ፍላሽ የሚባለው የድረ ገጽ ሶፍትዌር በ2020 መጨረሻ ሲያበቃ በእሱ የተሠሩ ገጽ የሚገለብጡ እትሞች ሁሉ መከፈት አቆሙ። በሌላ በኩል ቮግ ከ1892 ጀምሮ ያሉትን የአሜሪካ እትሞቹን በ2011 ሙሉ በሙሉ በዲጂታል ክምችት አስገብቷል፤ በቃል መፈለግ መቻሉ ለተመራማሪ ከወረቀቱ የበለጠ ያገለግላል። ደንበኛ ከሆናችሁ ፒዲኤፍ ማውረድ ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድማችሁ ተመልከቱ፤ ከተፈቀደ በወጣበት ወር አውርዱ፣ በሁለት የተለያየ ቦታ አኑሩ።

ወረቀቱን ከፀሐይ አርቁት። ማጀንታውና ቢጫው ቀድመው ስለሚለቁ ለብርሃን የተጋለጠ ሽፋን ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። እርጥበቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ፣ ሙቀቱ ከ21 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቢሆን ጥሩ ነው። ወፍራሞቹን እትሞች አጋድሙ፤ በቁመት ሲቆሙ የገጾቹ ክብደት ጠረዙን ይጎትታል። መሸፈኛው የፖሊስተር ወይም የፖሊፕሮፒሊን ይሁን፤ ፒቪሲ ከጊዜ በኋላ ከቀለሙ ጋር ይጣበቃል። በውስጡ የሽቶ ናሙና ካለ አውጡት፤ ዘይቱ ወደ አጎራባች ገጾች ይሰርጋል።

ውኃ ከነካው ጊዜ የለም። የአርት ፔፐር ልባስ ሲርስ እንደ ሙጫ ይሆናል። ገጾቹ ተገጣጥመው ከደረቁ አይላቀቁም። ከራሰ በኋላ ባሉት ስድስት ሰዓታት ውስጥ በገጾቹ መሃል ያልታተመ ንጹሕ ወረቀት ወይም የሚመጥ ጨርቅ አስገብታችሁ በማራገቢያ ነፋስ አድርቁ፤ ብዙ ቅጂ ከሆነና መድረስ ካልተቻለ፣ ሳትከፍቱት በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡና በረዶ ይሁን። በኋላ አንድ በአንድ እያወጡ ገጾቹን መለየት ይቻላል። በኃይል ለማላቀቅ ከተሞከረ ግን የፎቶው ቀለም ከነልባሱ ተልጦ ከፊት ለፊቱ ገጽ ጋር ይቀራል።